ከሰሉን አውጪ፣ ፀሐይዋን አስገቢ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

ዕድሜዬ 25 ነው። ሰባት ሆነን ከምንኖርበት ከቤተሰቦቼ ቤት ወጥቼ ለብቻዬ መኖር ከጀመርኩ ሁለተኛ ወሬን ይዣለሁ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከላይዋ ጣሪያ ብቻ ያለባት ስቱዲዮ ተከራይቻለሁ። የደመወዜ ግማሽ ለኪራይ ይሄዳል። አልጋ ገና አልገዛሁም፤ ፍራሼን ሊሾው ላይ ዘርግቼ ነው የምተኛው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ማታ 1 ሰዓት እገባለሁ። መስኮቴ ወደ ምዕራብ ስለሆነና ከፊት ለፊት ያለው ብሎክ ስለሚያየኝ መጋረጃውን ዘግቼ ነው የምወጣው። ማታ ስገባ ቤቱ ታፍኖ ስለሚጠብቀኝ መስኮት ከፍቼ አናፍሳለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ግን ብርዱ እንቅልፍ አይሰጠኝም። ጎረቤቴ የሁለት ዓመት ልጅ አላት፤ ማታ ከሰል አቀጣጥላ፣ ጭሱ ሲያልቅለት አስገብታው ነው የሚተኙት። «ከፋመ በኋላ ምንም አያደርግም» ብላ ትርፍ ምድጃ አውሳኛለች። ሥራ ቦታ ደግሞ ባለ 2,000 ዋት ሂተር ግዢ ይሉኛል። እናቴ ጋቢና ባና ልላክልሽ ብላኝ ነበር፤ «ሁሉ አለኝ» አልኳት። አሁን በረደኝ ብላት «ተመለሽ» ማለቷ አይቀርም። ከሰሉ ይሻላል ሂተሩ? ወይስ ልመለስ?

ብርድ ያንቀጠቀጣት፣ ከአባዶ

ልጄ፣

ከጥያቄዎችሽ አንዱ መልሴን አንብበሽ እስክትጨርሺ እንኳ የሚቆይ አይደለምና ከእሱ ልጀምር። ያንን ምድጃ ቤትሽ አታስገቢው። ፍም ሆኖም፣ አመድ ለብሶም፣ በሩ ገርበብ ተደርጎም፣ መስኮቱ በጣት ልክ ተከፍቶም ቢሆን አታስገቢው።

ጎረቤትሽ ይህን የምታደርገው ግዴለሽ ሆና አይደለም። ሁላችንም የተነገረን ስለ ጭስ ነው። «ጭሱ ይውጣለት፣ ይፋም፣ ከዚያ ይግባ» እየተባልን ነው ያደግነው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጭስ ያስላል፣ ያስለቅሳል፣ ሰውን ከቤት ያስወጣል፤ በራሱ መንገድ ያስጠነቅቃል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ጉሮሮ አይቆጠቁጥም። ከሰሉ ቀይ ሆኖ፣ አምሮበት፣ አንዲት የጭስ ክር ሳይታይበትም ይወጣል፤ አመድ ሲለብስም አይቆምም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ በቀላሉ አይለቅም። መጀመሪያ ራስ ምታት ይመጣል፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ መጫጫን። የተኛ ሰው ደግሞ ሲጫጫነው አያውቀውም፤ ቀድሞውንም ተኝቷል። ሕፃን ከትልቅ ሰው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። አንዳንዱ ውሃ በሳህን አጠገቡ ያስቀምጣል፣ ሌላው ጨው ይነሰንስበታል። ጋዙ ግን ሁለቱንም አያውቃቸውም።

እኔ ይህን ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅሁት። በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ ከጓደኛዬ ጋር ጉለሌ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ነበር። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ሲያወርደው ውሎ ሲያወርደው አመሸ። ቡና አፈላን፣ በረካውን ጠጣን፣ ረከቦቱን አነሳን። ምድጃውን ግን ተውነው፤ ሙቀቱ አሳሳን። ብልህ ነን ብለን የበሩን ሥር በጨርቅ ጠቀጠቅነው። ሌሊት ጭንቅላቴን በመዶሻ የሚቀጠቅጡኝ መስሎኝ ነቃሁ። ልነሳ ብል ጉልበቴ የእኔ አይደለም። እየዳኽሁ ደርሼ በሩን ስከፍት ደፉ ላይ ወደቅሁ። ጓደኛዬን ጎትቶ ያወጣት የአከራያችን ልጅ ነው። ሁለታችንም ተርፈናል። እሷ ግን እስከ ዛሬ ከሰል የተያያዘበት ክፍል ገብታ ቡና አትጠጣም፤ የማያውቋት ሰዎች ቅብጠት ይመስላቸዋል።

ቡና ተዪ አላልኩሽም። በቀን፣ መስኮቱን ወለል አድርገሽ አፍዪ፤ ሲያልቅ ምድጃው በረንዳ ይውጣ። ከሰል ባለበት ክፍል ራስሽን ካመመሽ ወይም ካጥወለወለሽ «ትንሽ ልጋደም» አትበዪ። መጀመሪያ ውጪ፣ ከዚያ ደውዪ። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን በ939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛሉ።

ወደ ሂተሩ ልምጣ። ሥራ ቦታ የመከሩሽ ሰዎች ሒሳቡን አብረው አልነገሩሽም። ባለ 2,000 ዋት ሂተር በአንድ ሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በየማታው ለአራት ሰዓት ያህል ብታበሪው 8 ይሆናል፤ በወር 240። ባለ 9 ዋት አምፖልሽ በየቀኑ ለአምስት ሰዓት ቢበራ ወሩን ሙሉ የሚቆጥረው 1.35 ብቻ ነው። በዚያ ላይ የመብራት ታሪፋችን ደረጃ በደረጃ ነው። የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ ነው፤ ፍጆታሽ ከፍ ባለ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይወጣል። እና ይህ ሁሉ ሙቀት የት ይሄዳል? በብረት መስኮትሽ ዙሪያ፣ በበርሽ ሥር፣ በኮርኒሱ ወደ ቆርቆሮው። ያቺን ቤት እንዳለች በሂተር ማሞቅ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው።

ሌላም ስጋት አለኝ። ሂተር በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። ቀጭን ሽቦ ባለው ኤክስቴንሽን ላይ ሰክተሽ፣ በአጠገቡ ማንቆርቆሪያውን ወይም ምጣዱን ብታበሪ ብሬከሩ ከጣለ ዕድለኛ ነሽ፤ ካልጣለ ሽቦው ይግላል። ደግሞ የእኛን መብራት ታውቂዋለሽ። ጠዋት ሂተሩ እንደበራ ይጠፋል፣ አንቺ ረስተሽው ሥራ ትሄጃለሽ፣ 5 ሰዓት ላይ ይመጣል። ባዶ ቤት ውስጥ፣ መጋረጃው አጠገብ የሚነድ ሂተር አስቢ። ሽቦው የተገለጠውን የወጥ ማብሰያ ስቶቭ እንደ ማሞቂያ መሬት ላይ አብርተው የሚተኙም አሉ፤ ስለነሱ ባላስብ ይሻለኛል።

ጨርሶ አትግዢ ግን አልልም። ሌላውን ሁሉ አድርገሽ ገንዘብ ከተረፈሽ፣ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠርና ሲወድቅ የሚጠፋ ትንሽ ሂተር ገዝተሽ ጠዋት ስትለብሺ ለግማሽ ሰዓት አብሪው። ያ ባለ 2,000 ዋት ቢሆን እንኳ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ይቻላል። ግድግዳ ላይ በቀጥታ ሰክተሽ፣ ወደ አንቺ አዙረሽ፤ ስትወጪ ነቅለሽ።

አሁን ከደብዳቤሽ ውስጥ ያስገረመኝን ነገር ልንገርሽ። ብርዱን እያስገባሽ ያለሽው ራስሽ ነሽ። ጠዋት መጋረጃ ትዘጊያለሽ፣ ማታ መስኮት ትከፍቻለሽ። ልክ ተቃራኒውን ማድረግ ነው የነበረብሽ!

የአዲስ አበባ ብርድ እንደ ሌላው ዓለም ብርድ አይደለም። ስዊድን ወይም ካናዳ ያለ ዘመድሽ ብርድ ሲልሽ ቀኑም ሌሊቱም ነው፤ ቤቱ ውስጥ ያለ ማሞቂያ መኖር አይችልም። የእኛው የሌሊት ብርድ ነው። በህዳርና በታህሳስ ቀን ላይ 23 ዲግሪ ገደማ ይደርስና ንጋት ላይ በአማካይ ወደ 8 ይወርዳል፤ ከዚያም የሚብስባቸው ሌሊቶች አሉ። ምክንያቱ ሰማዩ ነው። ክረምት ላይ ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነናል። በበጋ ግን ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድሪቱ ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ትለቀዋለች፣ የሚመልሰው የለም። ከላይሽ ያለው ቆርቆሮም እንዲሁ ነው። ከሁሉ በፊት የሚቀዘቅዘው እሱ ስለሆነ ነው አራተኛ ፎቅ ያለሽው አንቺ ከታች ካሉት ይልቅ የምትንቀጠቀጪው።

እንግዲህ ሙቀቱ በየቀኑ ደጅሽ ድረስ ይመጣል፤ ሥራሽ እንዳይመለስ መያዝ ነው። መስኮትሽ ምዕራብ መሆኑ ጥሩ ዕድል ነው። በዚህ ወቅት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጎንበስ ብላ በቀጥታ ወደ ቤትሽ ትገባለች። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ከ9 እስከ 11 ሰዓት አካባቢ አንድ ካሬ ሜትር መስታወት ላይ የሚያርፈው ከ500 ዋት አያንስም። ሰዎቹ ግዢ የሚሉሽ ሂተር ሩቡ በነፃ መጥቶ፣ አንቺ በሌለሽበት፣ ከተዘጋ መጋረጃ ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። ሰው እንዳያይሽ የፈለግሽውን ደግሞ ስስ መጋረጃ ይበቃዋል፤ ቀን ቀን ውስጡን አያሳይም፣ ብርሃኑን ግን ያሳልፋል። ወፍራሙን ጠዋት ስትወጪ ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን ሰብስቢው። ፀሐይዋ የምታርፍበትን የሊሾውን ክፍል በምንጣፍ አትሸፍኚው። ሲሚንቶ ቶሎ አይሞቅም፤ ከሞቀ ግን ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ የከሰዓቱን ፀሐይ እስከ መኝታሽ ሰዓት ያቆይልሻል። ማታ ስትገቢ የመጀመሪያ ሥራሽ፣ ጫማ ከማውለቅሽ በፊት፣ ወፍራሙን መጋረጃ መዝጋት ይሁን። መስኮቱን ከጎንና ከጎን አልፎ እስከ ወለሉ ቢደርስ ይመረጣል።

«ታፍኖ ይጠብቀኛል» ያልሽውን አልናቅሁትም፤ ቤት መናፈስ አለበት። ጠዋት ስትነሺ ለአሥር ደቂቃ መስኮቱንና በሩን ፊት ለፊት ከፍተሽ አናፍሺ፤ ያን ጊዜ ቤቱ ቀድሞውንም ቀዝቅዟልና የምታጪው ነገር ትንሽ ነው። ቅዳሜና እሑድ እኩለ ቀን ላይ ድገሚው። እርጥብ ልብስ ግን ውስጥ አታስጪ። በተለይ ክረምት ሲገባ ከልብስሽ የወጣው ውሃ ግድግዳው ላይ ተቀምጦ ሻጋታ ይሆንብሻል፤ እርጥብ ቤት ደግሞ በቴርሞሜትር ከሚታየው በላይ ይበርዳል።

ቀጥሎ ክፍተቶቹ። የ20/80 ኮንዶሚኒየም ቤቶችን የብረት መስኮት የማያውቅ የለም። ብረቱ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ተከፋቹ ከፍሬሙ ጋር በሚገጥምበት ቦታ ነፋስ ያፏጫል። በነፋሻ ማታ አንድ ጧፍ አብሪና እፍ ብለሽ አጥፊው። ጭሱን በመስኮቱና በበሩ ዙሪያ ቀስ እያልሽ አዙሪው፤ ጭሱ የተጣመመበት ቦታ ሁሉ ብርድ የሚገባበት ነው። ለተከፋቹ እዚያው ሰፈርሽ ካለ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ የሚጣበቅ የስፖንጅ ክር ግዢ። ለማይከፈተው ስንጥቅ ሲሊኮን ይበቃል፤ የአከራይሽ ቤት ስለሆነ ግን አስፈቅጂ። ለበሩ ሥር አሮጌ ሱሪ እግሩን ቆርጠሽ አሸዋ ወይም ቁራጭ ጨርቅ ሞልተሽ ስፊው፤ ማታ ማታ ደፉ ላይ አጋድሚው። ማብሰያው በኩል ያለውን የአየር መውጫ ግን አትንኪው፤ ምግብ የሚበስልበት ቤት እስትንፋስ ያስፈልገዋል። (የእኔና የጓደኛዬን የበር ሥር ጨርቅ አልረሳሁትም። ጨርቁ ብቻውን አይገድልም፣ ከከሰል ጋር ሲሆን ነው።)

ከመስኮቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ወለሉ ነው። ሊሾ ላይ ፍራሽ ዘርግተሽ ስትተኚ ሰውነትሽ ሌሊቱን ሙሉ ሲሚንቶ ሲያሞቅ ያድራል፣ ሲሚንቶው ደግሞ አይጠግብም። ብርድ ከላይ ብቻ የሚመጣ እየመሰለን ላያችን ላይ ብርድ ልብስ እንቆልላለን። ስፖንጅ ፍራሽ ከሥርሽ ሲጨፈለቅ በውስጡ ያለው አየር ይወጣል፤ ሙቀት የሚይዘው ግን ያው አየር ነበር። ከሥሩም እርጥበት ይይዛል። ፍራሹን አንሺና ብታይው የሻጋታ ነጠብጣብ ባታገኚበት ይገርመኛል። አልጋ እስክትገዢ ድረስ ከዕቃ መጋዘን የሚጣሉ የእንጨት ፓሌቶች አሉ፤ ሁለቱን አጋጥሚ፣ ላዩ ላይ የተጣጠፈ ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይ ሰሌን፣ ከዚያ ፍራሹ። ከሁሉ ርካሹ ነገር ይኼ ነው፤ ልዩነቱን ግን በመጀመሪያው ሌሊት ታውቂዋለሽ። ፍራሹን ከውጭው ግድግዳ አርቂው፤ ከጎረቤት ጋር የምትጋሪው ግድግዳ ሥር ይሁን። ከተቻለሽ አንድ ገመድ ወጥረሽ በመኝታሽ ዙሪያ መጋረጃ ጣይበት። ስቱዲዮ ሙሉ አየር ከምታሞቂ የአንዲት ጥግ አየር ማሞቅ ይቀላል።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያደግሁት፣ ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎት የሚያድርበት አገር። ያኔ የደጋ ሰው ከብቱን ማታ ቤት የሚያስገባው ጅብ ፈርቶ ብቻ አልነበረም። ከብቱ ጋጣው ውስጥ ይተነፍሳል፣ ሰው ቆጥ ላይ ይተኛል፣ ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣል። ማንም ፊዚክስ አላስተማራቸውም። አንቺ ላም አባዶ አራተኛ ፎቅ ላይ ማውጣት ባትችዪም ሐሳቡን ግን ውሰጂው። ቤቱን ሳይሆን ሰውየውን ነበር የሚያሞቁት።

ለዚህ ከፋርማሲ የምታገኚው የጎማ የሙቅ ውሃ ከረጢት ተወዳዳሪ የለውም። አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ለማፍላት ብክነቱን ጨምሮ 0.15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ሂተሩ በአንድ ማታ በሚበላው መብራት ከ50 ጊዜ በላይ ውሃ ታፈያለሽ፤ ማለትም ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያም ቆዳ ይልጣልና ትንሽ በረድ ሲል ቅጂው። ሁለት ሦስተኛውን ሙዪ፣ አየሩን ጨምቀሽ አውጪ፣ ክዳኑን አጥብቂ፣ በጨርቅ ጠቅልዪ። ከመተኛትሽ ከሩብ ሰዓት በፊት መኝታው መሃል፣ ስትገቢ ደግሞ እግርሽ ሥር አድርጊው። በውሃ ሃይላንድ አትሞክሪው፤ በሙቅ ውሃ ይጨማደድና ሌሊት ይፈሳል፣ እርጥብ ፍራሽ ላይ ታነጊያለሽ።

ስትተኚ ካልሲና የራስ ሻሽ አድርጊ። ሳትበዪም አትተኚ፤ የአጃ አጥሚት ወይም ትንሽ ገንፎ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ራሱ ያሞቃል። አረቄ ለብርድ ጥሩ ነው የሚሉሽን አትስሚ። ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ለጊዜው የሞቀሽ ይመስልሻል፤ ሙቀቱ ግን ከውስጥሽ ነው እየወጣ ያለው።

«ልመለስ?» ላልሽው ደግሞ አትመለሺ። ቢያንስ በብርድ ምክንያት አይሁን፤ የባሰው ብርድ ጥር አጋማሽ ሲያልፍ ይለዝባል፣ አንቺም እስከዚያ ትለምጂዋለሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ «ሰባት ሆነን» ያልሽውን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንኳ 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ሰባት ሰው 700 ዋት ነው። በዚያ ላይ የእንጀራው ምጣድ፣ የማታው ወጥ፣ የሻዩ ማንቆርቆሪያ አለ። ያደግሽበት ቤት ሂተር የነበረው ሳታውቂው ነው። አሁን አንዲት 100 ዋት ብቻሽን ገብተሽ፣ ምናልባትም ደረቅ ዳቦ በልተሽ፣ ምንም ሳታበስዪ ትተኛለሽ፤ ቤቱ በምን ይሙቅ? ስለዚህ ራትሽን ቤትሽ አብስዪ፤ የምስሩ ድስት የሚለቀው ሙቀት የተከፈለበት ነው። አርብ ማታ ሁለት ጓደኛ ጥሪ። ብቻዬን መኖር ጀመርኩ ማለት ብቻዬን እበላለሁ ማለት አይደለም።

ጋቢውን ለምን እንቢ እንዳልሽ ይገባኛል። «ሁሉ አለኝ» የምትለው ቃል ከቤት የወጣች ልጅ ሁሉ የምትምልባት ናት፤ እኔም ምያለሁ። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ የሚያሞቀው ጥጡ ብቻ ሳይሆን በድርቡ መሃል የሚታሰረው አየር ነው። ባና ደግሞ የመንዝ በግ ፀጉር ነው፤ ሲነኩት ይኮሰኩሳል፣ ግን እሱን ለብሶ በረደኝ ያለ ሰው አላየሁም። ባናውን ከላይ፣ ጋቢውን ከሥር ወደ ሰውነትሽ አድርጊ። ለእናትሽ ደውዪና «ልመለስ ነው» ሳይሆን «እሑድ መጥቼ ጋቢውን እወስዳለሁ» በያት። ተመለሽ ማለቷ አይቀርም፤ ትበል። ጋቢ ወስዳ የሄደች ልጅ ለመቆየት እንደወሰነች እናት ይገባታል።

ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ጎረቤትሽ ጋ ሂጂ። ምድጃውን መልሽላት፣ ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ፤ አንድ የውሃ ከረጢት ገዝተሽ ለልጁ ብለሽ ውሰጂላት። እንደ አስተማሪ አትናገሪያት፣ ትቀየምሻለች። ከነልጇ ለስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረገችና ጠዋት ራሷን አሟት ያውቅ እንደሆነ ብቻ ጠይቂያት። አሟት እንደነበር የምትነግርሽ ይመስለኛል፤ ብርድ መቶኝ ነው ብላ አልፋው ይሆናል። ያን ጊዜ ንገሪያት። ፍም ሆኖ ምንም አያደርግም ብላ ከተከራከረችሽ፣ ጋዜጣ ላይ የምትጽፈዋ ሴትዮ ጉለሌ በዚሁ ፍም ልትሞት ነበር በያት።